የዘጠነኛ ጎዳና ጎረቤታሞች

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ዘጠነኛ ጎዳና ከዩ ጎዳና ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ ኔሊስ የሚባል የጌዮች (የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች) የስፖርት ባር አለ፤ የተከፈተው በ2007 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከባሩ ወጥቶ በዘጠነኛ ጎዳና ቁልቁል የሚሄድ ሰው የለኮሰውን ሲጋራ ሳይጨርስ የጥብስና የቡና ሽታ ይቀበለዋል፤ ከዩ እስከ ቲ ጎዳና ያለው ይህ አጭር መንገድ የሐበሻ ምግብ ቤቶች፣ የእንጀራና የበርበሬ መሸጫዎች የተደረደሩበት፣ አሜሪካኖቹም እኛም ሊትል ኢትዮጵያ የምንለው ሰፈር ነውና። እኔ ሐበሻም ጌይም ስለሆንሁ፣ ቤቴም ከዚያው ማዕዘን በእግር የሚደረስ ስለሆነ፣ ሁለቱን ሰፈሮች ለያይቼ የማይበት ምክንያት የለኝም። ሌላው ሰው ግን ይለያያቸዋል። ባሩ ደጃፍ ተሰልፎ ተራውን የሚጠብቀው ጎረምሳ እታች ባለው ምግብ ቤት የአርባ ምሳ እየተበላ መሆኑን አያውቅም፤ ምግብ ቤቱ ውስጥ የተቀመጡት አባትም በመስኮቱ በኩል የጌዮች ምልክት የሆነውን የቀስተ ደመና ባንዲራ የለበሰ ሰው ሲያልፍ ካዩ ዓይናቸውን ወደ ትሪው ይመልሳሉ።

ስለ እኛ በአማርኛ የሚጻፈው ወይ ኩነኔ ነው፣ ወይ ደግሞ የሰልፍና የባንዲራ ወሬ። ስለ ኪራይ፣ ስለ መኪና ማቆሚያ፣ ስለ መጠጥ ፈቃድና ስለ ቆሻሻ ገንዳ የጻፈ አላየሁም፤ ዕድሜያችን ግን ባብዛኛው የሚያልፈው በዚያ ላይ ነው። በዚህ ሰፈር ስኖር ያመንሁበት ነገር ቢኖር፣ ዘጠነኛ ጎዳና ላይ ተጎራብተው ሰላም የማይባባሉት ሐበሾችና ጌዮች ወደዚህ የመጡት በአንድ ምክንያት ተገፍተው መሆኑን፣ ከዚህም የሚገፋቸው ያው ምክንያት መሆኑን ነው።

ታሪኩን የሚያስፈልገውን ያህል ልንገር። ዩ ጎዳና ከዘር መድልዎ ሕግ ዘመን ጀምሮ የጥቁር አሜሪካውያን የቲያትር፣ የሙዚቃና የንግድ ማዕከል ነበረ፤ የጃዝ ሙዚቀኛው ዱክ ኤሊንግተን ያደገው በዚሁ አካባቢ ነው። ሚያዝያ 1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉ ጊዜ በከተማዋ የተነሣው ሁከት የጀመረው ከ14ኛና ከዩ ጎዳና ሲሆን፣ ብዙ ሱቅ ተቃጠለ፣ ገንዘብ ያለው ሸሸ፤ በኋላም ለምድር ባቡሩ ሲቆፈር መንገዱ ለረጅም ጊዜ ተቆራርጦ ቆየ። ጣቢያው በ1991 ሲከፈት በዙሪያው ያሉት ቤቶች ገና ርካሾች ነበሩ። በዚያን ዘመን የሐበሻ ምግብ ቤት ማለት አዳምስ ሞርጋን፣ 18ኛ ጎዳና ማለት ነበር፤ እዚያ ኪራዩ ሲንር ነጋዴዎቻችን ወደ ዩ መውረድ ጀመሩ። ዱከም የሚባለው ምግብ ቤት በ1997 ዩ ጎዳና ላይ ተከፈተ፤ ሌሎቹም ተከታትለው ዘጠነኛን ያዙ።

ጌዮቹ በበኩላቸው ከዱፖንት ሰርክል ነው የመጡት። በ1974 ላምብዳ ራይዚንግ የሚባል የመጻሕፍት መደብር 20ኛ ጎዳና ላይ ተከፈተ፤ በማግስቱ ዓመት፣ በሰኔ 1975፣ የከተማዋ የመጀመሪያው ፕራይድ፣ ጌዮች በየዓመቱ በአደባባይ የሚያከብሩት በዓል፣ የተከበረው እዚያው መደብሩ ደጃፍ መንገድ ተዘግቶ ነው። ዱፖንት ሲወደድ ሰዉ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሎጋን ሰርክል፣ ከዚያም ወደ 14ኛና ወደ ዩ ተሸጋገረ፤ መደብሩም ከ35 ዓመት በኋላ ተዘጋ። በደቡብ ምሥራቅ ዲሲ የነበሩት የጌዮች የምሽት ክበቦች በ2006 ለቤዝቦል ስታዲየም ሲባል ፈረሱ። ከእኛ ቤት በእግር የሚደረሰውና ታውን የሚባለው ትልቅ የጭፈራ ቤት ደግሞ በ2018 ቦታው ለአፓርታማ ተፈልጎ በሩን ዘጋ፤ ባለቤቴና እኔ የተዋወቅነው እዚያ ስለሆነ፣ አሁን በቆመው ሕንፃ አጠገብ ባለፍን ቁጥር እሱ የማን ሳሎን የትኛው የጭፈራ ወለል ላይ እንዳረፈ ሊያስረዳኝ ይሞክራል። በእነዚያው ዓመታት ከዘጠነኛ ጎዳና የሐበሻ ቤቶችም አንድ በአንድ እየለቀቁ ከዲሲ ወጣ ብለው ወዳሉት ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ሄደዋል።

እዚህ ላይ ባለቤቴ ሁልጊዜ የሚያስታውሰኝን መዝለል አልችልም። እሱ የዲሲ ተወላጅ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ እናቱና አክስቱ ያደጉት በዚሁ ሾ በሚባለው ሰፈር ነው። በ2005 ነጋዴዎቻችን መንገዱ በይፋ ሊትል ኢትዮጵያ ተብሎ ይሰየምልን ብለው በጠየቁ ጊዜ ከተቃወሙት ነባር ነዋሪዎች መካከል አክስቱ አንዷ ነበሩ። ዛሬም በእሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ምስር ወጥና ጎመን ከእኛ ሰፈር ይገዛሉ፣ በእጃቸውም አሳምረው ይጎርሳሉ፤ የስሙ ነገር ከተነሣ ግን «ምግባችሁን ወደድሁ እንጂ መንገዴን ሰጠኋችሁ አላልሁም» ይሉኛል። እውነት አላቸው። ሐበሻውም ነጩ ጌይም ባዶ ቦታ ላይ አልሰፈረም፤ ከሁለታችን በፊት የነበረው ሰው ከሁለታችን በፊት ተገፍቶ ወጥቷል።

አሁን ወደ ስብሰባው ልምጣ፤ የሰፈር ኑሮ ምን እንደሚመስል የሚታየው እዚያ ነውና። ዲሲ በየሰፈሩ ኤኤንሲ የሚባሉ አማካሪ ኮሚሽኖች አሏት። ኮሚሽነሮቹ ደመወዝ የላቸውም፤ እያንዳንዳቸው ወደ 2,000 የሚጠጋ ነዋሪ ይወክላሉ፣ በየሁለት ዓመቱም ይመረጣሉ። ሥልጣናቸው የምክር ብቻ ነው ቢባልም፣ የመጠጥ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ለምክራቸው ከፍ ያለ ክብደት እንዲሰጥ ሕጉ ስለሚያስገድደው፣ አንድ ምግብ ቤት ደጃፉ ላይ ወንበር ሊዘረጋ ወይም ሙዚቃ ሊያሰማ ሲያመለክት ከእነሱ ጋር መስማማት ይበጀዋል። ጎረቤቶች ከተቃወሙ ጉዳዩ ለወራት ይጓተታል፤ ከተስማሙ ደግሞ የሥራ ሰዓቱንና የድምፁን ልክ የሚወስን ውል ይፈረማል። በ2013 ከነጭራሹ በ14ኛና በዩ አካባቢ አዲስ የመጠጥ ፈቃድ አይሰጥ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ውድቅ ሆኗል። ስለዚህ ስብሰባው ላይ የሚቀመጠው ሰው ለወሬ አይደለም የሚመጣው።

በአንድ ምሽት ስብሰባ ላይ አንዲት የሐበሻ ምግብ ቤት ባለቤት ለፊት ለፊት ወንበሮቿ ፈቃድ ልትጠይቅ ቀረበች። ነጠላዋን በትከሻዋ ጣል አድርጋ፣ ማመልከቻዋን በላስቲክ ፋይል ይዛ፣ የተዘጋጀችበትን እንግሊዝኛ ቀስ ብላ አነበበች። አዲስ ከተሠራው ኮንዶሚኒየም የመጣ ነዋሪ ተነሥቶ በቴሌፎኑ የቀዳውን የድምፅ ልክ እያሳየ ልጁ እንዳልተኛ፣ መኪናውን የሚያቆምበት እንዳጣ፣ የእጣኑ ጢስ ሳይቀር በመስኮቱ እንደሚገባ ተናገረ። ሴትዮዋ ስለ እጣኑ ስትሰማ ከንፈሯን ነክሳ ዝም አለች። ከዚያ ከኋላ ወንበር አንድ ሰው እጁን አወጣ፤ በአካባቢው ካሉት የጌይ ባሮች የአንዱ ሥራ አስኪያጅ ነው። ሠራተኞቹ ሌሊት በሩን ዘግተው ሲወጡ በዚያ ሰዓት ትኩስ ምግብ የሚያገኙት እሷ ዘንድ ብቻ መሆኑን፣ ደጃፏን በየማለዳው በራሷ እጅ እንደምታጥብ፣ መብራቷም እስከ ሌሊት ስለሚበራ መንገዱ ለሚሄድ ሁሉ ደኅና መሆኑን አስረዳ፤ ቀጥሎም ያ ነዋሪ ባለፈው ወር ስለ ራሱ ባር ያቀረበው አቤቱታ ቃል በቃል አሁን ከተነበበው ጋር አንድ መሆኑን ጠቆመና ተቀመጠ። ሳቅ ሆነ። በመጨረሻ ወንበሮቿ በሥራ ቀን እስከ ምሽቱ አምስት ሰዓት፣ ዓርብና ቅዳሜ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት እንዲቆዩ ተስማሙ።

ስንወጣ ሐበሻ መሆኔን ከፊቴ አንብባ ጠራችኝ። «የኔ ወንድም፣ ይኼ ሰውዬ ምን ስላደረግሁለት ነው እንዲህ የተሟገተልኝ?» አለችኝ። ጎረቤቷ ስለሆነ ይመስለኛል አልኋት። «ይሁን እሺ» አለች ፋይሏን እየዘጋች፤ «ሌሊት ሌሊት ልጆቹን ሰብስቦ መጥቶ ጥብስ ይበላሉ፤ ሥርዓት አላቸው፣ ሒሳብም አያስቀሩም። የቀረው ነገራቸው የራሳቸው ነው።» ይህን አነጋገር የማያረካቸው ጓደኞች አሉኝ፤ መብት እንጂ ዝምታ አንለምንም ይላሉ። እኔ ግን አዲስ አበባ ያደግሁ ሰው ነኝና «የቀረው ነገራቸው የራሳቸው ነው» የሚል ሐበሻ ሳገኝ በእርካታ እቀበለዋለሁ።

የድምፅ ነገር ከተነሣ አይቀር፣ ከዚህ ሁለት ብሎክ ራቅ ብሎ 7ኛና ፍሎሪዳ ላይ ያለ የሞባይል ሱቅ ለዓመታት ጎጎ የሚባለውን የዲሲ ሙዚቃ ደጅ ላይ ያሰማ ነበር። በ2019 አዲስ አፓርታማ ውስጥ የገባ ሰው አቤት ብሎ ሙዚቃው እንዲቋረጥ በተደረገ ጊዜ ሕዝቡ መንገድ ላይ ወጥቶ ጨፈረ፤ ሙዚቃውም ተመለሰ። በማግስቱ ዓመት ጎጎ በሕግ የከተማዋ ሙዚቃ ተባለ። በዚያ ጭፈራ ላይ ጥቁር ጌዮችም የሐበሻ ልጆችም ነበሩ፤ ማን ከማን እንደመጣ የጠየቀ አልነበረም።

ወደ ቤቴ ልመለስ። የምንኖረው በአንዲት የሐበሻ እናት ቤት ቤዝመንት ውስጥ ነው። እትዬ ቤቱን የገዙት ሰው ወደዚህ ሰፈር ለመግባት በሚፈራበት ዘመን፣ በአንድ ሆቴል አልጋ እያነጠፉ፣ በእቁብ ብር ነው። ዛሬ ቤቱን ሽጡልን የሚል የደላላ ደብዳቤ በየሳምንቱ ይመጣላቸዋል፤ ሳይከፍቱ ለእንጀራ ምጣድ ማሰሻ ጨርቅ መጠቅለያ ያደርጉታል። ባለቤቴን መጀመሪያ ይዤው የገባሁ ጊዜ «ይኼ ልጅ ማነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ «አብሮኝ የሚኖር ነው» አልኋቸው። ከዚያ በኋላ ጠይቀውኝ አያውቁም። ዲሲ ውስጥ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ከመጋቢት 2010 ጀምሮ ሕጋዊ ነው፤ እኛም ፍርድ ቤት ሄደን ተፈራርመናል፣ ቀለበትም አለን። እትዬ ቀለበቱን አይተውታል። በፋሲካ ዶሮ ወጡን በሰሐን አድርገው ደረጃውን ሲወርዱ «ለአንተና ለልጁ» ይላሉ፤ እንቁላሉም ሁለት ነው። ለእህታቸው በስልክ ሲያወሩ ግን እኔ «ተከራዬ» ነኝ፣ እሱም «የተከራዬ ጓደኛ»። ሕጉ የማይደርስበትን ይህን ቦታ እሳቸው በገዛ ጥበባቸው አበጅተውታል፤ እኔም አላፈርስባቸውም።

ለምን እንደማላፈርስ ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ልበል። በኢትዮጵያ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ (ይህን እንኳን በእኛው አቆጣጠር ልበለው) በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን በእሥራት ያስቀጣል። በነሐሴ 2023 የአዲስ አበባ አስተዳደር ሆቴሎችንና መጠጥ ቤቶችን በዚህ ሰበብ መፈተሽ መጀመሩን በይፋ አስታወቀ፤ በዚያው ሰሞን በቲክቶክ የሰው ፎቶና አድራሻ እየተለጠፈ ደብድቡት ይባል ነበር። እኔ እዚህ ነኝ፤ እህቶቼ ግን እዚያ ናቸው። ዘጠነኛ ጎዳና ላይ የተነሣ ቪዲዮ እናቴ ሰፈር ለመድረስ አንድ ምሽት አይፈጅበትም። በዚህ ምክንያት ብዙ ዜጋ (እርስ በርሳችን የምንጠራራበት ስም ነው) ኔሊስ ለመግባት ሲፈልግ በዘጠነኛ በኩል አይመጣም፤ በዩ ዞሮ ይገባል። ቆብ ዝቅ ማድረግም አለ። አንድ ወዳጄ ፕራይድ ሲደርስ ሁልጊዜ ፎቶ አንሺ ሆኖ ነው የሚወጣው፤ ካሜራ የያዘን ሰው ማንም አያነሣውም ይላል፤ ያዋጣዋል።

ስለ ጤና ስናወራም ያው ጥንቃቄ ይከተለናል። 14ኛ ጎዳና ላይ ዊትማን ዎከር የሚባል የጤና ተቋም አለ፤ በ1973 በበጎ ፈቃደኞች የምሽት ክሊኒክነት የጀመረ፣ በኤድስ ዘመን ከተማዋን ያስታመመ ነው። በ2012 ኤችአይቪን አስቀድሞ የሚከላከለው እንክብል በመንግሥት ከጸደቀ በኋላ ለብዙዎቻችን መድኃኒቱ የየቀን ልማድ ሆነ። ችግሩ ሐኪሙ አይደለም፤ መድኃኒት ቤቱ ነው፤ ዲሲ ውስጥ ከመድኃኒት መሸጫው መስኮት ጀርባ የሚቆመው ሰው ሐበሻ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነውና። እኔ የምሄድበት ቤት ውስጥ በእናቴ ዕድሜ ያሉ ባለሙያ አሉ። ስሜን ካነበቡ በኋላ የጠርሙሱን ጽሑፍ ያነባሉ፤ ከዚያ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ያዩኛል። መጀመሪያ ጊዜ ላብ አጠመቀኝ። «የኔ ልጅ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በአማርኛ፣ «ይኼ ነገር ለኩላሊት ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ውሃ በደንብ ጠጣ፣ ምርመራህንም አትዝለል።» ከዚያ ወዲህ ወረፋው ረጅም ቢሆንም የእሳቸውን መስኮት እጠብቃለሁ።

የአስተርጓሚው ነገር ግን ከዚህ ይከብዳል። በአሜሪካ የጥገኝነት ሕግ በፆታ ዝንባሌው ምክንያት የሚሳደድ ሰው ጥበቃ ሊያገኝ እንደሚችል ከ1994 ጀምሮ የጸና ውሳኔ አለ፤ ማመልከቻው በመሠረቱ አገር በተገባ በአንድ ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። የምሥራቅ አፍሪካ ልጅ ግን ይህን አንድ ዓመት የሚያሳልፈው የሚያምነውን ሰው በመፈለግ ነው። ጠበቃ ቢያገኝም፣ ታሪኩን በአማርኛ ከሚተረጉምለት ሐበሻ ፊት መናገር አለበት፤ ያ ሐበሻ ደግሞ እሑድ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አብሮት ያስቀድስ ይሆናል። እኔ በትርፍ ጊዜዬ በማስተርጎም እረዳለሁ። በሥራው ያየሁት ነገር ቢኖር፣ ሰው ስለ ዱላው፣ ስለ እሥሩ፣ ከቤት ስለመባረሩ ሳይደናቀፍ ይናገርና «ማንን ትወድ ነበር?» ሲባል አማርኛው ሁሉ እንደሚጠፋበት ነው። የድብደባን ነገር ለመናገር ሁላችንም ቋንቋ አለን። ስለዚህ ከቃለ መጠይቁ በፊት ቁጭ ብለን ቡና እየጠጣን ያንን አንድ ጥያቄ ብቻ በአማርኛ ደጋግመን እናወራዋለን፤ ሌላው በራሱ ይመጣል።

ጌዮቹ ሁሉ እርስ በርሳቸው ተፋቅረው ይኖራሉ ብሎ የሚያስብ ካለ ደግሞ ተሳስቷል። በሰኔ 2021፣ በፕራይድ ሰሞን፣ አንዲት ጥቁር ወጣት በኔሊስ የጥበቃ ሠራተኞች ከደረጃ ላይ ተጎትታ ስትወርድ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጥቶ ለሳምንታት ደጁ ላይ ሰልፍ ተደርጓል። ባለቤቴ ነገሩ አዲስ አይደለም ይላል፤ በእሱ ወጣትነት ጥቁር ሰው በአንዳንድ የዱፖንት ባሮች በር ላይ ነጭ ያልተጠየቀውን መታወቂያ ደርቦ ይጠየቅ ነበር። የዲሲ ብላክ ፕራይድ በግንቦት 1991 ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ባለው ባኔከር ሜዳ ሲጀመር እሱ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ሆኖ ተገኝቷል። ቀኑ ለኤድስ ሕሙማን መርጃ ገንዘብ የሚሰበሰብበት ስለነበር ከምግቡና ከሙዚቃው ይልቅ የሚያስታውሰው በዚያ ሜዳ ላይ ያያቸውንና በተከታዩ ዓመት ያላያቸውን ሰዎች ነው። ሐበሻ ጌዮች ራሳችንን ከየትኛው ወገን እንደምንቆጥር ስንወላውል ያስቀዋል፤ በር ላይ የሚቆመው ጥበቃ አንዴም ወላውሎ አያውቅም ይለኛል።

2025 ለሰፈራችን አስቸጋሪ ዓመት ነበር። ወርልድ ፕራይድ፣ ዓለም አቀፉ በዓል፣ በግንቦትና በሰኔ በዲሲ ተከበረ፤ ያ የመጻሕፍት መደብሩ ደጃፍ በዓል 50ኛ ዓመቱ ነበር። ሰልፉ ሰኔ 7 ከ14ኛና ቲ ተነሥቶ ወደ ፔንሲልቬንያ ጎዳና ወረደ። በዚያው ሳምንት የፓርክ አገልግሎቱ የዱፖንት ሰርክልን መናፈሻ በአጥር ዘጋው፤ ነዋሪው ጮኸ፣ አጥሩም በሰልፉ ቀን ተነሣ። በዚያን ምሽት ወደ ቤት የወሰደን የኡበር ሹፌር ሐበሻ ነበር፤ ባለቤቴን አይቶ ይመስለኛል እኔንም አሜሪካዊ አድርጎ ቆጥሮኝ ከጓደኛው ጋር በስልክ ወሬውን ቀጠለ። «መንገዱን ሁሉ ዘግተውታል፤ የነሱ በዓል ነው» አለ። ባለቤቴ አማርኛ ባይሰማም ትከሻዬ ሲኮማተር ተሰማውና አየኝ። ሹፌሩ ቀጠለ፦ «ኧረ ተው፣ ምን አገባን! ቲፕ እንደነሱ የሚሰጥ የለም። ትናንት አንዱ ሃያ ዶላር ሰጠኝ።» ስንወርድ «እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ወንድሜ» አልሁት፤ መልሱን ሳልሰማ በሩን ዘጋሁ፤ ሃያ ዶላሩን ግን ላኩለት፤ ስም መጠበቅ አለበት።

ከሁለት ወር በኋላ ሳቁ ቀረ። በነሐሴ 2025 የፌዴራል መንግሥቱ የከተማዋን ፖሊስ በእጁ አስገብቶ ወታደር አሰማራ፤ 14ኛ ጎዳና ላይ ሌሊት ኬላ ቆመ፣ የኢሚግሬሽን ሰዎችም ታዩ። ወረቀት ያለውም የሌለውም ሐበሻ ሌሊት መንዳት ፈራ፤ በሞተር ምግብ የሚያደርሱት ልጆች ጠፉ፤ ምግብ ቤቶቹ በጊዜ መዝጋት ጀመሩ። ጌይ ባሮቹም ሠራተኞቻቸው ስደተኞች ስለሆኑ ያው ፍርሃት ገባቸው። በዚያ ሰሞን ያቺ የወንበሮቹ ባለቤት ሌሊት መብራቷን ስታጠፋ ያ ሥራ አስኪያጅ ከሠራተኞቹ ጋር ሆኖ ኩሽና ውስጥ የምትሠራላትን ሴት እስከ ባቡር ጣቢያው ሲሸኛት አይቻለሁ። ስለ ጉዳዩ በሁለቱም ወገን ንግግር ያደረገ የለም።

አሁን የጥቅምት ወሬ ላውራና ላብቃ። ሃሎዊን ከመድረሱ በፊት ባለው ማክሰኞ ማታ ዱፖንት 17ኛ ጎዳና ላይ የረጅም ተረከዝ ሩጫ አለ፤ በ1986 የአንድ ባር ደንበኞች በቀልድ የጀመሩት ነው፤ ዛሬ የከንቲባዋ ጽሕፈት ቤት እጁን አስገብቶበታል። ወንዶች በሴት ልብስ አጊጠው፣ ከፍ ያለ ተረከዝ ተጫምተው ጥቂት ብሎክ ይሮጣሉ። ሩጫው ደቂቃዎች ብቻ ነው የሚፈጀው፤ ሕዝቡ የሚመጣው ከሩጫው በፊት ላለው ሰዓት ነው። ያ ጎዳና የፍራንክ ካሜኒ ስም ተሰጥቶታል፤ በ1957 ጌይ በመሆናቸው ከመንግሥት ሥራ ተባርረው በ1965 ኋይት ሐውስ ፊት ለፊት ለሰልፍ የቆሙት ሰው ናቸው። እዚያው ከ1948 ጀምሮ የቆየው አኒስ የሚባል የስጋ ምግብ ቤት አለ፤ አኒ የምትባለዋ አስተናጋጅ ሁለት ወንዶች ከጠረጴዛ ሥር እጅ ለእጅ ተያይዘው አይታ ከጠረጴዛው በላይ አውጡት እንዳለቻቸው ይተረካል። ታሪኩን ስሰማ ያሳቀኝ ነገር አለ፤ ፒያሳ ላይ ከጓደኞቼ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዤ ስሄድ ዞር ብሎ ያየኝ ሰው አልነበረም፤ የምወደውን ሰው እጅ ብቻ ነው እዚያ መያዝ ያልቻልሁት።

ባለፈው ጊዜ እትዬ እኛ ስንወጣ ወዴት እንደምንሄድ ጠይቀው፣ «ሩጫ ለማየት» ስንላቸው ሩጫማ የእኛ አይደል ብለው ጋቢያቸውን ደርበው ተከተሉን። ሯጮቹን ሲያዩ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ፤ ማማተባቸውንም አይቻለሁ። ከዚያ ተጠግተው የአንዱን ጫማ ተረከዝ አጎንብሰው መረመሩና «በዚህ እንኳን መሮጥ፣ እኔ ለቅሶ ደርሼ መመለስም አልችል!» አሉ። ለልጁ ተረጎምሁለት፤ እጃቸውን ስሞ ሮጠ፤ ማን እንዳሸነፈ ግን ግርግሩ ውስጥ አላየንም። ዘንድሮም እንሄዳለን ብለውኛል። የምታነቡኝ ሹፌሮች፣ በዚያ ማክሰኞ ቀን 17ኛ ላይ መኪና አታቁሙ፤ ዛፎቹ ላይ የሚለጠፈውን የማስጠንቀቂያ ወረቀት ልብ በሉ፤ ጎትተው ይወስዱታል፣ ለማስመለስም የአንድ ቀን ገቢ አይበቃም።